ከወፍጮው በላይ ያለው ድምፅ

ወደ አዲስ አበባ የሄድኩት ፊልም ለማስተርጎም ነው። ይህን ብዬ ስነሳ ሆሳዕና ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ስመለስ ግን ሞባይል ቤቴ ስልክ ሊያሠራ የመጣው ሁሉ ወንበር እየሳበ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን" ማለት ጀመረ። ወሬውን ሰምቶ ስልኩን ረስቶ የሄደም አለ። አንዴ ጽፌው ብገላገል ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ አባባ ልናገር። አባባ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። የዓይን ግፊት ብርሃኑን ቀስ በቀስ ወሰደበት፤ አሁን ቀንና ሌሊት እንኳ አይለይም። ያኔ ከሰው ራቀ። መኝታ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀመጥ ሆነ ሥራው። ወደ ሳሎን የመለሰው ትርጉም ፊልም ነው፤ አንድ ሰው የጀግናውንም፣ የሴቲቱንም፣ የሽፍታውንም ንግግር ብቻውን በአማርኛ የሚጫወትበት ማለቴ ነው። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ የሚወደው ታሜን ነበር። ሌሎቹ ሰው ሲያወራ ያወራሉ፣ ሰው ዝም ሲል ዝም ይላሉ። ታሜ ዝምታ አይወድም። "አሁን ደረጃውን እየወጣች ነው፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላዋ ያለውን አላየችም" እያለ ባዶውን ሁሉ ይሞላዋል። ዓይን ያለንን ያሰለቸን ነበር። ለአባባ ግን ዓይን ሆነለት።

እኔም ፊልም ሲታይ አፌ አያርፍም። መርከቡ ሞዴል ይሁን የኮምፒውተር ሥራ፣ የሮቦቱ ጣት በምን እንደሚንቀሳቀስ፣ ካሜራው ከየት እንደመጣ ካልተናገርኩ የሚያመኝ ሰው ነኝ። አባባ እጁን ወደ እኔ ያነሳና "ዝም በይ ልጄ፣ ይናገርበት" ይለኛል። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

አባባ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደው "የጨው መርከብ" የሚለውን ተከታታይ ፊልም ነው። ስሙን ያወጣለት ታሜ ነው፤ ጨው ጭና በህዋ ላይ መንገድ የጠፋባት መርከብ ታሪክ ነው። ካፒቴኗን አስካለ፣ ሮቦቱን ቆርቆሮው ብሎ የሰየማቸውም እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያመላልስ የኖረው አባባ አስካለን እንደ ሥራ ባልደረባው ነው የሚቆጥራት። ነዳጅ ሲያልቅባት ይበሳጫል፣ ጎማ የላትም እንጂ ስለ ጎማዋም ይመክራት ነበር። አራተኛው ክፍል ሲያልቅ መርከቧ አንድ የማይታወቅ ምድር ላይ አረፈች። አስካለ በሩን ገፋ ስታደርገው ብርሃን ገባ፤ ፊልሙ እዚያ ላይ አለቀ። ከዚያ አምስተኛውና የመጨረሻው ክፍል ወጣ። ታሜ ግን ጠፋ። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ስልክ ቁጥርም አይሠራም።

እንግሊዝኛውን አውርጄ አይቼው ስለነበር አፌን በላኝ። "ከበሩ ውጭ ምን እንዳለ ልንገርህ?" አልኩት።

"አንቺ ስትነግሪኝ ስለ ካሜራው ነው የምትነግሪኝ" አለኝ። "እሱ ይንገረኝ። ካልሆነም ይቅር።"

ይቅር ካለ በኋላ ሳሎን መምጣቱን ተወ። ተመልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ። እማማ ሥራ ላይ እያለሁ መጥታ "የሚያወራው ሰውዬ ካልተገኘ አባትሽ ከዚያ ክፍል አይወጣም" ስትለኝ ሱቄን ዘጋሁ።

ረቡዕ

ታሜን ልፈልግ መሆኑን ሲሰማ አባባ ከክፍሉ ወጥቶ እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። በእጄ የነበረው አድራሻ "ላፍቶ" የሚል ብቻ ነው፤ ታሜ ሲጀምር ሁልጊዜ "ከላፍቶ ነው የማወራችሁ፣ ተመቻቹ" ስለሚል። የቀረውን የሰጠኝ አባባ ነው።

"ወፍጮ ቤት ፈልጊ" አለኝ። "ወፍጮው ሲቆም ነው እሱ የሚጀምረው። ቀበቶው ላልቷል መሰለኝ፣ ሲቆም ጧ ጧ ይላል። የታክሲ ረዳቶች ሃና ሃና እያሉ ሲጣሩ ይሰማል፣ ታክሲው ቅርብ ነው። ዶሮም አላቸው።"

ዶሮውን እኔም አስታውሰዋለሁ። ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ መርከቦቹ እየተታኮሱ፣ ጥርት አድርጎ ጮኋል።

ሃርድ ዲስኩን፣ ያው አምስተኛው ክፍልና የአባባ ፊልሞች ሁሉ ያሉበትን፣ በነጠላ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ። የማላውቀው ነገር ቢኖር እማማ ለአክስቴ የሚሆን ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ቋጥራ እዚያው ነጠላ ሥር እንደሸጎጠችው ነው። የእኛ አገር እናት ልጇን ባዶ እጇን አዲስ አበባ አትሰድም። ወራቤን አልፈን ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትበረታ ሚኒባሱን የቅቤ ሽታ ሞላው። አንድ ሽማግሌ "የማነው ቅቤ? ደግ ላም ናት" አሉ። ከሰዉ ጋር አብሬ ሳቅኩ። ቡታጅራ ላይ ወርደን ፍርፍር በልተን፣ ሻይ ጠጥተን ስንመለስም እየሳቅኩ ነበር።

አዲስ አበባ ገብተን ለቡ ላይ ስወርድ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መንገዱ እንደ ሳሎን ተጠርጓል፣ በመሃሉ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ይንሳፈፋሉ። አንድ ሕንፃ ላይ ከእኛ ጸሎት ቤት ግድግዳ የሚበልጥ ስክሪን በጠራራ ፀሐይ የፊልም ማስታወቂያ ያሳያል፣ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። እኛ ሰፈር መብራት ሲመጣ ልጆች ያጨበጭባሉ። እዚህ ያን የሚያህል ብርሃን ለአላፊ አግዳሚ ይፈስሳል። ፎቶ ላነሳው ቆሜ ታክሲ አመለጠኝ፣ ሌላም አመለጠኝ።

አክስቴ አስቴር፣ የአባባ ታናሽ እህት፣ መካኒሳ ነው የምትኖረው። አቅፋ ስማኝ ስታበቃ ቦርሳዬን ከፈተች። ቅቤው ቀልጦ ነጠላውን አልፏል፣ ሃርድ ዲስኩ ውስጡ ተኝቷል። ገመድ ሰካሁበት። ሞተ።

"ምንድነው እሱ?" አለች።

"የአባባ ፊልሞች ናቸው፣ አክስቴ።"

አክስቴ የጸሎት ሰው ናት፤ ፊልም የሚባል ነገር ቤቷ ገብቶ አያውቅም። "ወንድሜ ፊልም እንዲሰማ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣሽው?" ብላ ትክ ብላ አየችኝ። ስለ ግድግዳው ነገርኳት፤ ወንድሟ ምን እንደሆነ በስልክ ማንም አልነገራትም ነበር። እራት አላቀረበችም። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩ ላይ እጇን ጭና ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። እጇን ስታነሳ ቅቤ በቅቤ ሆኖ ነበር።

ሐሙስ

መካኒሳ ላይ ከአክስቴ ቤት በታች ስልክ የሚጠገንባት ጠባብ ሱቅ አለች። ሆሳዕና ላይ እኔም ይኸው ሥራዬ ነው፣ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ አይቼ አላውቅም። ማይክሮስኮፑ ከስክሪን ጋር ተያይዟል፤ የስልኩ ሆድ እቃ ከላይ እንደሚታይ ከተማ ተዘርግቶ ይታያል። ጠጋኟ ሰላም የምትባል፣ ጸጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ልጅ ናት። ሃርድ ዲስኩን አሸተተችው።

"ራሱን አሞት ነው አናቱን የቀባሽው?"

ተራቸውን የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ ግን አልመጣልኝም፤ ሰላም ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። ሰውነቱን ፈታ፣ መሰኪያውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ እያንዳንዷን እግር አጸዳችው። ማየት እንድችል ወንበሯን አጋራችኝ። ያቺ የወርቅ ቀለም ያላት ቀጭን መስመር ከቅቤው ሥር ስትወጣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋሁ። ገመዱን ሰካች፤ መብራቱ ብልጭ አለ። "የጨው መርከብ" አምስቱም ክፍል ነበሩ። ለአክስቴ ደውዬ ስነግራት "እኔ ምን አልኩሽ?" ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ ላፍቶ ሄጄ ወፍጮ ማደን ጀመርኩ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የታሜን ፊልም መጀመሪያ፣ ያቺን ጧ ጧ የምትለዋን ቦታ፣ ደጋግሜ እየከፈትኩ በየወፍጮ ቤቱ በር እቆማለሁ። የመጀመሪያው ወፍጮ ድምፁ ቀጭን ነበር። ሌላው አዲስ ማሽን ነው፣ ሲቆምም አይሰማም። አንዱ ጋ ቆሜ ስልኬን ወደ ግድግዳው ሳስጠጋ የግቢው ዘበኛ መጡ።

"ከክፍለ ከተማ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም አባቴ፣ ድምፅ እያዳመጥኩ ነው።"

"ልታፈርሱት ከሆነ በግልጽ ንገሩን እንጂ ግድግዳ ማዳመጥ ምንድነው?"

ሰው ተሰበሰበ። አንዷ "ካርታው እኔ ጋ አለ" ብላ ለማምጣት ሮጠች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቀረኝ አማራጭ ማዳመጫውን አውጥቼ ለዘበኛው ጆሮ ማድረግ ነበር። ትንሽ ሰሙና ፊታቸው ፈታ አለ።

"ታሜ ነው እንዴ? እንዲህ አትይም! የእትዬ ሽኩሪያ ወፍጮ ነው፣ ታክሲ ተራው ጀርባ።"

እትዬ ሽኩሪያ የስልጤ ሴት ናቸው። ሻሻቸውም፣ ቅንድባቸውም ዱቄት ነው። ስለ ታሜ ስጠይቃቸው ማብሪያ ማጥፊያውን ጫን አደረጉት። ወፍጮው እየዘገየ ሄዶ ቀበቶው ጧ፣ ጧ አለና ቆመ። ከውጭ "ሃና! ሃና!" የሚል ድምፅ ገባ። እዚያው ዱቄቱ መሃል እንባዬ መጣ። አባባ ሳያይ ያየው ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

"የኔና የሱ መብራት አንድ መስመር ነው" አሉኝ። "ወፍጮው ሲነሳ የሱ ኮምፒውተር ይሞታል። ስለዚህ እኔ ስፈጭ እሱ ያርፋል፣ እኔ ሳርፍ እሱ ያወራል። እንዲህ ተስማምተን ስንት ዘመን ኖርን። አሁንስ ማውራቱን ትቷል። የሰርግ ቪዲዮ ነው የሚያቀናብረው።"

ታሜ ከወፍጮው በላይ ባለው ክፍል ነው ያለው። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። "ማነው?" አለ።

 ሽፍታ ሆኖም፣ ንጉሥ ሆኖም፣ ሮቦት ሆኖም የሰማሁት ድምፅ ነው፤ አሁን በበሩ ሌላው ወገን ሆኖ "ማነው?" ይለኛል። በሩ ሲከፈት ግን በቁመት ከእኔ የሚያንስ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠቀለለ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል። ያ ሁሉ ድምፅ በየት በኩል እንደሚያልፍ አልገባኝም። ግድግዳው በብርድ ልብስና በስፖንጅ ተሸፍኗል፣ ማይክሮፎኑ ላይ የልጅ ካልሲ ተጎትቷል። ከለቡ ስክሪን ይልቅ ይህቺ ካልሲ አስደነቀችኝ። የአስካለ መርከብ የበረረችው ከዚህች ካልሲ ነው።

የመጣሁበትን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ተውኩት እኮ። ልጆቹ ጽሑፉን እያነበቡ በስልካቸው ያያሉ። የኔን የሚያዩትም ሥሩ የሚጽፉት አንድ ነገር ነው፤ ወሬ አበዛህ፣ ዝም በልበት፣ እንይበት። እውነታቸውን ነው። ዝም ማለት አልችልም።"

"አባቴ ዓይነ ስውር ነው" አልኩት።

ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ወፍጮውን፣ ዶሮውን፣ ግድግዳውን። "ለምን ዝም እንደማልል ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ስገባ መቀመጫዬ ምሰሶ ጀርባ ነበር። ስክሪኑ አይታየኝም። ፊት ያለው ልጅ አሁን ገባ፣ አሁን መታው እያለ ይነግረኛል። ተርጓሚ ስሆን ሁልጊዜ ምሰሶ ጀርባ የተቀመጠ ሰው ያለ ይመስለኛል። የለም ብለው አሳመኑኝ።"

"አለ" አልኩት።

ነገ ዓርብ ነው፣ እትዬ ሽኩሪያ ለጁምዓ ሲዘጉ እንጀምራለን አለኝ።

ዓርብ

ፊልሙ ከጁምዓ ሰላት ይረዝማል፤ ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም። ታሜ ግማሹን እንኳ ሳይጨርስ እትዬ ሽኩሪያ ከመስጊድ ተመለሱ፣ ጤፍና በቆሎ የያዙ ሰዎችም በሩ ላይ ተሰለፉ። እየሮጥኩ ወረድኩ። ስለምን እንደመጣሁ ትናንት ከታሜ ሰምተዋል መሰለኝ፣ ከአፌ ነጥቀው ወደ ሰልፉ ዞሩ።

"ዛሬ ወፍጮ የለም" አሉ። "አንድ ዓይነ ስውር ፊልም እያየ ነው።"

ሰዉ ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ አንዱም አልሄደም። ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። የታሜ መስኮት ክፍት ነበርና ከታች ሆነው ማዳመጥ ያዙ። ምስል የለ፣ ስክሪን የለ፤ ሁሉም እንደ አባባ ሆኑ። አስካለ ስትሰደብ ያጉረመርማሉ፣ ቆርቆሮው ሲቀልድ በሻሽ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። እትዬ ሽኩሪያ ያን ዶሮ ይዘው ጭናቸው ላይ በሻርፕ ሸፍነውታል። አዲስ አበባ ብዙ የሚያስደንቅ ነገር አሳይታኛለች፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ታሜ ፎጣውን ጥሎ ቆሞ ነው የሚያወራው። ሴት ሲሆን ትከሻው ይለሰልሳል፣ ሮቦት ሲሆን ክንዱ ይደርቃል። ያንን አባባ ሰምቶት ኖሯል፤ እኔ አሁን አየሁት።

የመጨረሻው ትዕይንት ንግግር የለውም። አስካለ በሩን ከፍታ ትወጣለች፣ ከዚያ ሙዚቃ ብቻ ነው። ታሜ ጀመረ፣ አቆመ። ወደኋላ መልሶ ጀመረ፣ አሁንም አቆመ።

"ለሁሉም ሰው ሳወራ ኖሬ ለአንድ ሰው ማውራት አቃተኝ" አለኝ ቀስ ብሎ። "አባትሽ ምን አይቶ እንደነበር አላውቅም። ምን ቢሉት እንደሚታየው የምታውቂው አንቺ ነሽ። ነይ ንገሪው።"

ካልሲዋ ፊት ቆምኩ። "ካሜራው ከላይ ይነሳና" ብዬ ስጀምር ታሜ ራሱን ነቀነቀ፣ መለሰው።   አባባ መሪ ይዞ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ዓይኑ ሳለ የምናያቸውን ነገሮች አሰብኩ። ከዚያ የታየኝን ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ ቅዳሜ ላይ ትደርሱበታላችሁ፤ አባባ ሳይሰማ ለማንም አልነገርኩም።

ለአክስቴ እንኳ አልነገርኩም። ማታ ቆጮውን በቅቤ እያቀረበች፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየች፣ "በሩ ሲከፈት ታዲያ ምን ነበር?" አለችኝ።

"አባባ ይስማና፣ አክስቴ።"

"እሱስ ልክ ነው" አለች። ቀጥላ ግን "መጥፎ ነገር አይደለም አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ

ስመለስ ሃርድ ዲስኩ በደረቴ፣ አክስቴ የላከችው ስኳርና ዘይት ከእግሬ ሥር ነበር። ታሜ ያቀናበረውን በፍላሽም ጨምሮ ሰጥቶኛል፤ እትዬ ሽኩሪያ ደግሞ ዱቄት ሰጡኝ፣ "ለአባትሽ ገንፎ" ብለው። ቡታጅራ ላይ አልወረድኩም። ፍርፍሩም አላማረኝም።

አባባ መኝታ ቤት ነበር፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ።  ሳሎን ገብቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩና ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጧ፣ ጧ አለ ወፍጮው። "ከላፍቶ ነው የማወራችሁ፣ ተመቻቹ" አለ ታሜ።

የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። አባባ ግድግዳውን እየዳበሰ መጥቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እማማ ጎረቤት ጠራች፣ ቤቱ ሞላ። እኔ ከአጠገቡ ነበርኩ። ፊልሙን ሙሉ አፌን አልከፈትኩም፤ ጎረቤቶቹ አሞኛል ብለው እየዞሩ ያዩኝ ነበር። አባባ ከአስካለ ጋር ተበሳጨ፣ በቆርቆሮው ሳቀ። እማማ አንዴም ቴሌቪዥኑን አላየችም፤ እሱን ነበር የምታየው።

በሩ ተከፈተ። ሙዚቃው ገባ።

"አባባ" አለ ድምፄ።

አባባ እንደ ሁልጊዜው እጁን ወደ እኔ አነሳ። "ዝም በይ ልጄ፣ ይናገርበት።"

"መንገድ ነው፣ አባባ" አለ ድምፄ። "ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ነው።"

እጁ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብሎ ፊቴን ፈለገና ጣቶቹ ከንፈሬ ላይ አረፉ። ከንፈሬ ተዘግቷል። ድምፄ ግን ከፊት ለፊት ይመጣል፣ ማንም የለም፣ መኪና የለም፣ መንገዱ እስከ ኮረብታው ድረስ ባዶ ነው ይላል። ጣቶቹን አላነሳቸውም። ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ ብሎ፣ ለእኔም ይሁን ለዚያኛዋ አላውቅም፣ "አስፋልት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ልመልስለት ከንፈሬ ገና ከጣቶቹ ሥር ሲንቀሳቀስ፣ ያቺ ቀደመችኝ።

"ቀይ አፈር ነው፣ አባባ። ዝናቡ አሁን ገና ነው ያቆመው።"